ምስክር ቁጥር ሰባት አላለቀሰችም

ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ዘጠነኛውን እንደጀመርኩ፣ አክስቴ አርባ አንድ ሰው መግደሏን ደረስኩበት። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ገዳይም ብትሆን የኔ ናት፤ ማንም መጥቶ ከቤታችን አይወስዳትም ብዬ በልቤ ቆረጥኩ።

የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እኔ «እትዬ» እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ ትእዛዝ ስለማበዛ ስሜን ትታ «እሜቴ» ትለኛለች። እናቴ፣ እትዬና እኔ የአንድ አሮጌ ፎቅ ሁለተኛ ደርብ ላይ፣ ሁለት ክፍል ውስጥ ነበር የምንኖረው። እናቴ ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ትሠራለች። እትዬም እዚያው ሆስፒታል ምድር ቤት ያለው ላውንደሪ ውስጥ ተኳሽ ናት። አንዷ መድኃኒት መድኃኒት፣ ሌላዋ እንፋሎት እንፋሎት እየሸተቱ ማታ ሲገቡ ዐይኔን ጨፍኜ ማን እንደመጣ አውቅ ነበር። ሰፈርተኛው እትዬን በስሟ አይጠራትም፤ «ተኳሿ» ነው የሚላት። ረጅም ናት፤ ለሳቅ አትቸኩልም፤ ስትቆም ደግሞ እሷ ራሷ ካውያ የገባባት ትመስላለች። እሁድ እንኳ አታርፍም። የጎረቤቱን ሸሚዝና መጋረጃ ሰብስባ ስትተኩስ ታረፍዳለች።

አባቴን አላውቀውም። «በጦርነቱ ሞተ» ተብያለሁ፤ ከዚያ በላይ ጠይቄም አላውቅ። በጦርነት የሚሞት ሰው ጠብመንጃ እንደያዘ የሚሞት ይመስለኝ ስለነበር፣ አባቴ በሐሳቤ ሁልጊዜ ኮረብታ ላይ ተንበርክኮ ይተኩሳል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰውዬ ቤታችን መጣ። ቀጭን፣ መነጽራም፣ በተናገረ ቁጥር ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት። ከቴሌቪዥን ጣቢያ ነው አለ። እኔ ወደ ውስጠኛው ክፍል ተባረርኩ፤ በሩ ግን ድሮም ገጥሞ አይዘጋም። ስለ ትልቁ ችሎት ተከታታይ ድራማ እየተሠራ ነው፤ ድርሰቱን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የጦሩ አዛዥ በጦርነቱ ጊዜ ያደረገው፣ የተከሰሰበትና የተፈረደበት ሁሉ በስምንት ክፍል ይታያል፤ የማንም ስም አይጠራም፣ በቁጥር ብቻ ነው እያለ ሲያስረዳ ቆየ። «ችሎት ፊት ቆመው የዋሉበትን ቀን ቢነግሩኝ» እያለ ደጋግሞ ለመናት። እትዬ አንድ ነገር ብቻ መለሰችለት።

«የተናገርኩት ሁሉ ተጽፏል። ሂድና አንብብ።»

እሱ ወጥቶ በሩ ሲዘጋ እናቴ ድምፅዋን ቀንሳ፣ ልጅቷ እንዳትሰማ አለቻት። እትዬ፣ አንድ ቀን መስማቷ አይቀርም አለች። እናቴ ደግሞ፣ አሥራ አምስት ዓመት ይሙላት ተባብለን አልነበረም ወይ አለች። ከዚያ ቧንቧውን ከፈቱትና የቀረውን ውሃው ወሰደብኝ።

በኔ ዕውቀት ችሎት ፊት የሚቆም ሌባ ነው። እትዬ ደግሞ የሰው መርፌ እንኳ አትነካም። ከሌባ የባሰ ነገር መሆን አለበት አልኩ።

የባሰውን ነገር ያገኘሁት ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ነው። ሱቁ ከፎቃችን ሥር ነው፤ ሰዉ «መቀስ» ይለዋል፤ ለእጁ ይሁን ለምላሱ ያልተለየ ስም ነው። ነጭ ጋዋኑ ተተኩሶ ነበርና እንዳደርስለት ተላክሁ። በጓሮ በር በኩል ስገባ የአንድ ደንበኛ አንገት ላይ ጎንበስ ብሎ ያወራል። የፀጉር ማድረቂያው ይጮሃል። ድንገት ማድረቂያው ጠፋና የሰማሁት ይኼን ነው፦

«...ካምፑ ውስጥ ለወታደሮቹ ስትተኩስ ነበር፤ በግዷ ነው እንጂ ወዳ አይደለም። በአንድ ቀን አርባ አንድ! አርባ አንዱንም እስኪመሽ ተኩሳ ጨረሰች።»

ደንበኛው ከንፈሩን መጠጠ። እኔ ጋዋኑን ወንበር ላይ ጣል አድርጌ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ።

ዛሬ ሳስበው መቀስ «ሸሚዝ» ሳይል አልቀረም፤ ማድረቂያው ነው የዋጠው። ያኔ ግን ቤት ገብቼ፣ እትዬ መስኮቱ ሥር ቆማ የትራስ ልብስ ስትተኩስ ሳያት፣ ያ ቃል ሁለት ፊት እንዳለው እንኳ ትዝ አላለኝም። ጦርነት ላይ ሰው ምን ይተኩሳል? እጇን አየሁት፤ የቃጠሎ ጠባሳ ያለበት ትልቅ እጅ ነው። ያ እጅ በየጠዋቱ ፀጉሬን ይጎነጉናል። ለረጅም ጊዜ ካየሁት በኋላ ሄጄ ወገቧን ያዝኩ። «ምን ፈልገሽ ነው እሜቴ?» አለችኝ። ምንም አልኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠባቂዋ ሆንኩ። ኮፍያ ያደረገ ሰው ሁሉ ፖሊስ ነው። አንድ ቀን ብቻዬን ሆኜ በሩ ተንኳኳ፤ ብከፍት ኮፍያ ያደረገና መዝገብ የያዘ ሰው ቆሟል። የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ትልቅ ሰው የለም ወይ አለኝ። የለም፤ እኔና እናቴ ብቻ ነን የምንኖረው አልኩት። እሱ ምንም ሳይጠይቀኝ ደግሞ ጨመርኩለት፦

«እዚህ ቤት የሚተኩስ ሰው የለም።»

ቆጣሪውን ቀና ብሎ አየና «ታዲያ ይሄ ነገር ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚጋልበው?» አለ። ቀጥሎም መዝገቡ ላይ ጻፈ። ያን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። ተጽፋለች ብዬ ነው።

ድራማው እሁድ እሁድ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይታይ ጀመር። የኛ ቴሌቪዥን ከተበላሸ ወራት አልፈውታል፤ እናቴ ለማሠራት አልቸኮለችም፤ ያልቸኮለችበት ምክንያትም ኋላ ነው የገባኝ። የፎቁ ነዋሪ የሚሰበሰበው መቀስ ሱቅ ነበር። እኔ ተከልክያለሁ። ግን የጓሮ በሩ ሥር፣ ደረጃው ላይ ከተቀመጡ፣ ትልቁ የፀጉር ቤት መስታወት ቴሌቪዥኑን ያሳያል። ስለዚህ ያን ችሎት ተገልብጦ ነው ያየሁት። ዳኞቹ በግራ እጃቸው ይጽፋሉ፤ አዛዡ በቀኝ መቀመጥ ሲገባው በግራ ይቀመጣል። በተከሳሾቹ ሳጥን ውስጥ አንድ በአንድ ሴት ፈለግሁ። አንድም ሴት የለችም። አልያዟትም ማለት ነው ብዬ ተነፈስኩ።

በአራተኛው እሁድ እትዬ ካውያዋን ነቀለች፤ ሻርፗን ደረበች፤ ወደ መቀስ ሱቅ ወረደች። እናቴ ተረኛ ስለነበረች ከልካይ አልነበረም። ቀስ ብዬ ተከትዬ ቦታዬን ያዝኩ። ስትገባ ወሬው ሁሉ ቆመ። መቀስ የራሱን የሚሽከረከር ወንበር ለቀቀላት። ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አኖረች።

ያን ዕለት የቀረበችው ምስክር ቁጥር ሰባት ነበረች። ልጅ እግር ናት፤ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ተበትኗል። ወታደሮቹ ካምፕ ውስጥ ልብስ እንድታጥብና እንድትተኩስ ተገዳ እንደነበር ተናገረች። አንድ ቀን በጆንያ አርባ አንድ ሸሚዝ መጣ፤ እስኪመሽ ታጥቦ ተተኩሶ ይለቅ ተባለ፤ ከሸሚዞቹ አንዱ ኮሌታው በአረንጓዴ ክር የተሰፋ ነበር፤ የእጮኛዬ ነው፣ ያንን ክር የሰፋሁት እኔ ነኝ አለች። ይህን ስትል ድምፅዋ ተቆረጠ። የአዛዡ ጠበቃ ተነስቶ ነጭ መሐረብ ዘረጋላት። ተቀበለችውና ፊቷን ቀበረችበት፤ ተንሰቀሰቀች፤ ጉልበቷ ከዳት፤ ሁለት ፖሊሶች ደግፈው አወጧት። ክራሩም ቫዮሊኑም ተባብሮ አለቀሰ።

ሱቁ ውስጥ ያላለቀሰ አልነበረም። መቀስ ራሱ በደንበኛ ፎጣ ዐይኑን ይጠርጋል። ሰዉ እያለቀሰ በጎን በጎን እትዬን ያያል። እሷ ተነስታ ሻርፗን አስተካከለች።

«አላለቀስኩም» አለች።

ጮክ ብላ አይደለም። ወጣች። ያን ማታ ለእናቴ «ይባስ ብለው ከገዛ ወንድሜ ጋር አጫጩኝ» ማለቷን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እኔ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጬ የምስክሯንና የእትዬን ነገር ማገናኘት አልሆነልኝም። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እትዬም እዚያ ችሎት ነበረች፤ ሌላው ሁሉ ሲያለቅስ እሷ አላለቀሰችም። ልክ ነው፤ ገዳይ አያለቅስም አልኩ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ያወጣችኝ እትዬ ናት። ከሥራ ፈቃድ ወስዳለች። ለሠርግ የምትለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፤ ሽንሽኑ ሰው ይቆርጣል። ወደ ቤት አልሄድንም፤ አውቶቡስ ተሳፈርን። የት ነው የምንሄደው ስላት፣ የሚመለከታቸው ሰዎች ዘንድ ሄጄ የምናገረው አለኝ አለች። እጇን ልትሰጥ ነው።

ትልቅ ብረት በር ጋ ደረስን። በሩ ላይ ደንብ ልብስ የለበሰ፣ ኮፍያ ያደረገ፣ ቀበቶው ላይ ዱላ ያንጠለጠለ ዘበኛ ቆሟል። ማን እንደሆነች ጠየቃት። አፏን ከመክፈቷ በፊት በመሀላቸው ገባሁና እጆቼን ግራና ቀኝ ዘረጋሁ።

«እሷ አይደለችም፤ እኔ ነኝ የተኮስኩት።»

ዘበኛው የእትዬን ቀሚስ ከላይ እስከ ታች አየ፤ ሽንሽኑን አየ።

«ጎበዝ» አለኝ። «ጥሩ አድርገሽ ነው የተኮስሽው።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። እትዬ ወደ ጥግ ወሰደችኝ፤ የሠርግ ቀሚሷን ሳታስብ አቧራው ላይ ተንበረከከች። ማን ማንን ተኮሰ ነው የምትዪው አለችኝ። አንቺ፤ በጦርነቱ፤ ካምፑ ውስጥ፤ አርባ አንድ ሰው አልኳት። ለማንም አልተናገርኩም፤ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ጽፎብሻል እንጂ እኔ አልተናገርኩም አልኳት።

ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም።

«ስሚኝ እሜቴ» አለች። «አርባ አንድ ሸሚዝ ነው። ሰዎቹ ላይ የተኮሰው ሌላ ነው። እኔ ማን እንደሆነ ነው የተናገርኩት።»

«ችሎት ፊት?»

«ችሎት ፊት። እሱም እዚያው ተቀምጦ።»

ፊቴን በመዳፏ ጠረገችና እጄን ይዛ ወደ በሩ ተመለሰች። ገባን፤ ፖሊስ ጣቢያ ሳይሆን የቴሌቪዥን ጣቢያው ነበር።

የድራማው ዳይሬክተር ቢሮ አንደኛው ግድግዳ መስታወት ነው፤ በመስታወቱ ማዶ ለቀረጻ የተሠራው ችሎት ይታያል። ከፊት የዳኞች ወንበር፣ የተከሳሾች ሳጥን፣ ሁሉም የሚያብረቀርቅ እንጨት፤ ከኋላው ግን ቀለም ያልነካው ጣውላ ነው፣ በዱላ የተደገፈ። ዳይሬክተሩ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። መነጽራሙ ደራሲም አለ፤ እትዬን ሲያያት ጫማውን መመርመር ጀመረ። ጥግ ላይ ያቺ ልጅ እግር ተዋናይት ፊቷን በጥጥ እየጠረገች ነው፤ ግማሽ ፊቷ ነጥቷል፣ ግማሹ ገና የምስክር ቁጥር ሰባት ነው።

ዳይሬክተሩ በአክብሮት ተነሳ። «እናታችን፣ ምን እንታዘዝ?» አላት።

«እናትህ አይደለሁም። ምስክር ቁጥር ሰባት ነኝ።»

ጥጡ በተዋናይቷ እጅ ላይ ቆመ።

ዳይሬክተሩ ደግ ሰው ነበር፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ወንበር ሰጣት፤ ለኔ ሻይ አስመጣ። ከዚያ ነገሩን አስረዳት። ድራማ እንደ መዝገብ አይደለም፤ ተመልካች ልቡ መነካት አለበት፤ እህት ከምትሆን እጮኛ ብትሆን ይሻላል ብለን... ሲል እትዬ እጇን አነሳችበት። በጎን አየችኝና፣ የሸሚዙ ባለቤት ማን እንደነበር ተጽፏል፣ እዚህ አናንሳው፤ እኔ የመጣሁት ለመሐረቡ ነው አለችው። እኔ ሻይዬን ሳማስል «እህት» የሚለው ቃል በጆሮዬ በኩል አለፈ። የማን እህት ብዬ አልጠየቅሁም።

«እውነት ለመናገር» አለ ዳይሬክተሩ፣ «ሕዝቡ ካላለቀሰች አያምናትም።»

«ዳኞቹ አምነውኛል።»

ይህን ያለችው ተቀምጣ ነው። ቀጥሎ ያለውን ግን ቆማ ተናገረች፤ ለሱ ብቻም አልነበረም።

«ከኔ በፊት ሦስት ሴቶች መስክረዋል። አለቀሱ፤ ማልቀሳቸው ሐሰት አልነበረም፤ ልጆቻቸውን ነው ያጡት። ጠበቃው እየተነሳ ያን መሐረብ ይሰጣቸዋል። ነጭ፣ አራት ጊዜ የታጠፈ። ይቀበሉታል። ከዚያ ወደ ዳኞቹ ዞሮ፣ ‹ሐዘን የጋረደው ዐይን ምን ያያል?› ይላል። የሦስቱንም ቃል በዚያች መሐረብ ጠቅልሎ ጣለው። እኔ ጋ ሲደርስም ዘረጋልኝ። ‹እንባዎን ይጥረጉ› አለኝ። የምጠርገው የለኝም፤ ጥያቄህን ቀጥል አልኩት። ደግሞ ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩም። የመሀል ዳኛው ይጻፍ ብለው አዘዙ። ያን ዕለት ከሱ እጅ ያልተቀበልኩትን መሐረብ፣ ትናንት እናንተ በአገር ፊት አስያዛችሁኝ።»

ዳይሬክተሩ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ክፍሉ ታይቷል አለ።

«ያልፈሰሰ አራት ክፍል አለህ» አለችው።

በመጨረሻው ክፍል፣ ፍርዱ ሲነበብ ምስክሮቹ እንደሚታዩ ደራሲው በቀስታ ተናገረ፤ እዚያም ቁጥር ሰባት ታለቅሳለች ብሎ ጨመረ፤ ጆሮው ቀላ። ዳይሬክተሩ፣ መልካም፣ እናስብበታለን አለ። እትዬ ባለሥልጣን ዘንድ የተመላለሰች ሴት ናትና «እናስብበታለን» ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። አመስግና ወጣች። በሩ ላይ ስንደርስ ዳይሬክተሩ ለራሱ በሚመስል ድምፅ፣ ደግሞ ይህን ያህል ዓመት አልፎ ማን በትክክል ያስታውሳል አለ።

ባለፈው ዓመት መዝገብ ቤት ሄጄ የችሎቱን ቃለ ጉባኤ አስወጣሁ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ በአሮጌ የጽሕፈት መኪና የተመታ ነው። ጠበቃ፦ ምስክሯ እንባዋን ጠርጋ ትረጋጋ። ምስክር፦ የምጠርገው የለኝም፤ ጥያቄውን ይቀጥል። ጠበቃ፦ ፍርድ ቤቱ የምስክሯን ሁኔታ እንዲያይልኝ። የመሀል ዳኛ፦ ፍርድ ቤቱ አይቷል፤ ምስክር ቁጥር ሰባት አላለቀሰችም፤ ይህ ይመዝገብ፤ ይቀጥሉ። እንዳለችው ነው፤ አንድ ቃል አልጨመረችም።

ጣቢያው በሄድን በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ላውንደሪው ውስጥ ነበርኩ። የምድር ቤቱ ጣሪያ ዝቅ ያለ ነው፤ ማሽኖቹ ሲዞሩ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ሁሉም ሰው የሚናገረው በጩኸት ነው። በሩ ላይ ያቺ ተዋናይት ቆማ አየኋት፤ ያለ ሜካፕ፣ ፀጉሯን አስራ። እትዬ አየቻትና የአንድ እርጥብ አንሶላ ጫፍ ሰጠቻት። ያዢ አለቻት። ያዘች። ዘረጉት፣ ወጠሩት፣ አጠፉት። ቀጠሉ። አንሶላ ስታጣጥፍ የዋለች ተዋናይት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ወደ ማብቂያው ላይ፣ ሳያለቅሱ እንዴት ቻሉት ብላ ጠየቀቻት። እትዬ ጥያቄውን የወደደችው አይመስልም። ሁለት አንሶላ አጥፈው ከጨረሱ በኋላ ነው የመለሰችው። የመሰከርኩ ዕለት በአዛዡ ኮት ላይ ሁለተኛው ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሎ ነበር አለች። በዚያ የጆንያው ቀን እሱ ራሱ ጃኬቱን በእጁ ይዞ መጥቶ፣ እጅጌውን በደንብ ፈትጊው፣ ደም ነው ብሎኝ ነበር። ችሎት ፊት ግን ቁልፉን የሚሰፋለት ሰው የለም። የምናገረውን ስናገር ዐይኔን ከዚያች ቁልፍ አላነሳሁም። አላለቀስኩም ማለት አላመመኝም ማለት አይደለም አለቻት።

ተዋናይቷ ራሷን ነቀነቀች። ሌላ አንሶላ አነሳች።

የመጨረሻው ክፍል የታየ ዕለት እናቴ ያልጠበቅሁትን አደረገች። ሥራ ተቀያይራ መጣች፤ እጄን ይዛ በደረጃው ሳይሆን በዋናው በር ወደ መቀስ ሱቅ አስገባችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ችሎቱን በፊቱ አየሁት። እትዬ በሚሽከረከረው ወንበር፣ እኔና እናቴ አጠገቧ።

የመሀል ዳኛው ፍርዱን ማንበብ ጀመረ። ምስክሮቹ በአንድ ረጅም አግዳሚ ተደርድረዋል። አዛዡ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበታል ሲባል አግዳሚው ሁሉ ተንሰቀሰቀ፤ ሙዚቃው ተነሳ። ቁጥር ሰባት ግን ተነስታ ቆመች። ዐይኗ ደረቅ ነው። ዐቃቤ ሕጉን የሚጫወተው ተዋናይ፣ ድርሰቱ እንደሚያዘው፣ መሐረብ አውጥቶ ዘረጋላት። አልነካችውም። ሰውዬው ምን እንደሚያደርግ ጠፋው፤ እጁ አየር ላይ ቀረ፤ ዞር ብሎ ካሜራውን አየ፤ በመጨረሻ አጥፎ ኪሱ ከተተው። እሷ አዛዡን እያየች እንደቆመች ሥዕሉ ጠፋ።

ተዋናይቷን ከብዙ ዓመት በኋላ አግኝቻት ነገረችኝ። ያን ትዕይንት አምስት ጊዜ ቀርጸውታል፤ አምስቱንም ጊዜ ቆማለች። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ለመናት፣ ቀጥሎ ጮኸባት፣ ቀጥሎ ስቱዲዮውን ለዜና የሚያስረክብበት ሰዓት ደረሰ። ሌላ ስላልነበረው አምስተኛውን አሳየ። ከዚያ ወዲያ እሱ ዘንድ ሥራ አላገኘችም። ጸጸተሽ ወይ ብላት፣ አንሶላ ማጠፍ ተምሬያለሁ አለችኝ።

ሱቁ ውስጥ መቀስ ወደ እትዬ ዞረ። «ተኳሿ፣ አሁንስ?» አላት።

«አሁን እኔ ነኝ» አለች።

ያኔ እናቴ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ወደ እኔ ዞረች። አረንጓዴ ክር ያለበት ሸሚዝ የእጮኛዋ አልነበረም አለችኝ። የወንድሟ ነበር።

«አባትሽ ነው» አለች። «ነጭ ክር አልቆብን ነበር። ከሌሎቹ አርባ ሰዎች ጋር የዱቄት መጋዘን ውስጥ አስገብተው ነው የገደሉት። በእጁ ምንም አልነበረም። ማን እንዳደረገው የተናገረችው አክስትሽ ናት።»

እትዬ ወለሉን እያየች፣ አሥራ አምስት አልሞላትም እኮ አለቻት። እናቴ፣ እስከዚያ ሌላ ሰው ይነግራታል፤ አሳስቶ ይነግራታል አለች።

ኮረብታው ላይ ጠብመንጃ ይዞ ተንበርክኮ የነበረው ሰው ተነስቶ ሄደ፤ በምትኩ ኮሌታው በአረንጓዴ ክር የተሰፋ ሸሚዝ የለበሰ ሰው መጣ፤ ባዶ እጁን። ይህኛውን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም ነበር፤ ግን አባቴ እሱ መሆኑን ወዲያው አወቅሁት። እትዬ ያን ሸሚዝ በገዛ እጇ አጥባ፣ በገዛ እጇ ተኩሳ ለገዳዩ መልሳለች። ያን ዕለት ሌላ ምርጫ አልነበራትም። ችሎቱ ፊት ግን ነበራት።

ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ የተወራው ስለ ድራማው ብቻ ነው። መምህራችንም አይታዋለች። ደወሉ ከተደወለ በኋላ እንኳ ትምህርቱን ሳትጀምር፣ ያቺ እጮኛዋን ያጣች ምስኪን፣ መጨረሻ ላይ እንባዋ እንኳ ደርቆ ቀረ፣ አንጀቴን በላችው አለች። ልጆቹ «ውይ» አሉ።

ተነሳሁ። እጄን ሳላወጣ፣ ሳይፈቀድልኝ።

«እጮኛዋ አልነበረም፤ ወንድሟ ነው። የኔ አባት። እሷ ደግሞ ምስኪን አይደለችም፤ አክስቴ ናት። እንባዋም አልደረቀም፤ አልሰጣቸውም ብላ ነው።»

መምህራችን ጠመኔዋን አስቀመጠች። ወደ እኔ መጣችና ትከሻዬን ዳሰሰች፤ በደግነት ነው፤ በሚያባብል ድምፅ።

«ገባኝ የኔ ልጅ። በቃ፣ ተቀመጪ» አለችኝ።

አልተቀመጥኩም። ሸሚዞቹ ከመጡበት ጆንያ ጀምሬ ነገርኳቸው።